ቆሻሻ የምንጥልበትን ውሃ ሰው ይጠጣዋል

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ እስቲ ስሙኝ። ዳር ላይ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን የምናየው ጣና መዝናኛችን ብቻ አይደለም። ከዓባይ መውጫ አጠገብ ያለችው ደብረ ማርያም ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት፤ ቡና ይለቀምባታል፣ ጌሾ ይቆረጥባታል፣ ልጅ ያድግባታል። እኛ ቧንቧ ስንከፍት የደሴቱ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ልብሱን የሚያጥበው፣ ከብቱን የሚያጠጣው፣ ዓሣውን የሚያወጣው ከዚያው ነው።

እኛስ ምን እንልክለታለን?

«እኔ ሐይቅ ውስጥ ምንም ጥዬ አላውቅም» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ የወረወርከው ሃይላንድና ፌስታል የት የሚሄድ ይመስልሃል? ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠራርጎ ለጣና ያስረክበዋል። ዳር ዳሩን ቤትና ሆቴል የሠራችሁም፣ ጉድጓድ ማስመጠጫ ብር ላለማውጣት ብላችሁ ፍሳሹን በጨለማ የምትለቁት ካላችሁ፣ ነውር ነው! ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ መጣብን እያልን እንጮሃለን፤ እምቦጭ እኮ የሚወፍረው ከማሳ በሚታጠብ ማዳበሪያና በእንዲህ ያለ ፍሳሽ ነው። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ ሲመዘግበው ደስ ብሎን ነበር። ደስታው ሥራ ካልተከተለው ምን ዋጋ አለው?

የሞተር ጀልባ ነጂዎች፣ ለእናንተም የምለው አለኝ። ታንኳ የደንገል፣ ያ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል፣ እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ እየወጣ ይደርቃል፣ ጥቂት ወራት አገልግሎ ይበሰብሳል። በእሱ ላይ አንድ ሰው እንጨቱን ወይ ጌሾውን ቆልሎ፣ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይቀረው ወደ ገበያ እየቀዘፈ ሲመጣ፣ እናንተ እንግዳ ለማስደሰት አጠገቡ በሙሉ ፍጥነት ታልፋላችሁ፤ ማዕበሉ ግን እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው የሚደርስበት። ፍጥነት ብትቀንሱ የምታጡት ሁለት ደቂቃ ነው። እሱ የሚያጣው የሳምንት ቀለቡን ነው፣ ሲከፋም ነፍሱን።

ደንገሉም እያለቀ ነው። ለእርሻ ይመነጠራል፣ ለግንባታ ይደለደላል። ዓሣ የሚራባው እዚያ ውስጥ ነው፤ ከየብስ የሚመጣውን ደለልና ቆሻሻ የሚያስቀረውም እሱ ነው። ታንኳ የሚሠሩት የጣና ዳር የነገደ ማኅበረሰብ ሰዎች ደንገል ፍለጋ ከዓመት ዓመት እየራቁ ሲሄዱ «ከተማችን አደገች» ብሎ መፎከር ይከብደኛል። ከተማዋ ትደግ፣ እኔም የምኖርባት ናት። ግን የሐይቁን ዳር ትተወው!

በበዓል ቀን ወደ ገዳማቱ የምትሻገሩ ወጣቶች ደግሞ፣ ባዶውን ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ። ሙዚቃውንም ቀንሱት፣ ሰው እየጸለየ ነው።

ሰኔ ሳይገባ በየደጃችን ያለውን ቦይ እንጥረግ። ያወጣነውን ቆሻሻም ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እንስጥ፣ መልሰን ቦዩ አፍ ላይ አንከምረው።