የማይከሽፍ ዕቅድ

የማይከሽፍ ዕቅድ ማየት የሚፈልግ ካለ የመምህራንን የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ዕቅድ ይመልከት። እንዲህ ያለ ሀብት ይዘን ለውጭ ገበያ አለማቅረባችን ይቆጨኛል።

መመሪያው እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ያዛል። ክፍተትህን ለይ፣ አቅድ፣ ተግብር፣ ገምግም ይላል። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ማን አለው? ብልሆቹ አንድ ፍላሽ አዘጋጁ። መስከረም ሲጠባ ፍላሹ ከእጅ እጅ ይዞራል። ስምና ዓመተ ምህረት ይቀየራል፣ ይታተማል፣ አለቀ። አንዳንዴ የሚረሳ ነገር አይጠፋም። የስፖርት መምህሩ ዘንድሮ «የላቦራቶሪ አጠቃቀማቸውን» ሊያሻሽሉ አቅደዋል። ይበርቱ!

ግቦቹማ አይነገሩም! «አሳታፊ የማስተማር ዘዴን ማጎልበት»፣ «ተከታታይ ምዘናን ማጠናከር»። በምን ይለካል? እስከ መቼ? ይህን የሚጠይቅ ሰው በሕይወቱ ሪፖርት ጽፎ አያውቅም። የማይለካ ግብ አይወድቅማ! ሰኔ ላይ «98 በመቶ ተሳክቷል» ይባላል። መቶ ቢባል ያስጠረጥራል፤ ሁለቷ ለትሕትና ናት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መምህሩ እንደሆነ 98 አምጥቷል፤ ተማሪው ለራሱ ይወቅበት።

ሱፐርቫይዘሩም ሲመጡ ክፍል ገብተው የጠመኔ ብናኝ አይለብሱም። ቢሮ ቁጭ ብለው ፖርትፎሊዮ (የመምህሩን የዕቅድና የሪፖርት ማህደር) ያገላብጣሉ። ማውጫ አለ? አለ። ፊርማ? አለ። ማኅተም? ድብን ያለ። ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ የተሳለበት እንደሆነማ ነጥቡ ሌላ ነው።

መቼም የሚሳሳት አይጠፋም። አንዲት አዲስ መምህርት ምን ብላ አቀደች መሰላችሁ? «ከ3ኛ ክፍል ተማሪዎቼ 23ቱ ማንበብ አይችሉም። በሳምንት አንድ ቀን የ1ኛ ክፍል መምህርቷ ስታስተምር ገብቼ አያለሁ። እስከ ጥር ልጆቹ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲያነቡ አደርጋለሁ።»

መካሪ መምህሯ ላብ አጠመቃቸው። «ልጄ፣ ይሄ ራስን ማጋለጥ ነው እንጂ ዕቅድ ነው? ጥር ላይ ባያነቡስ? ደግሞ 23 ብለሽ ቁጥር ትጽፊያለሽ?» ብለው እንደ አባት መከሯት። ፍላሹንም ሰጧት።

ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ቶሎ ገባት። አሁን ፖርትፎሊዮዋ «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ በክላስተሩ (በጉድኝት ትምህርት ቤቶቹ) ሁሉ ሊሰፋ ነው። 23ቱ ልጆችም ዕቅዱ ውስጥ ስለሌሉ ሪፖርቱን አላበላሹባትም።