የአያትን ቤት በቲኬት

አጎቴ ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ከአውሮፕላን እንደወረዱ ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት ነገር ዓይናቸውን ጨፍነው አየሩን በረጅሙ መሳብና «የአባቶቼ አገር አየር!» ማለት ነበር። የሳቡት አየር ግን ሞተሩን ሳያጠፋ ከፊታችን ከቆመው ሚኒባስ የሚወጣ ጭስ ስለነበረ፣ ቀጥሎ ሊናገሩት ያሰቡት በሳል ተቋረጠ።

አጎቴ አዲስ አበባ ተወልደው አዲስ አበባ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አባታቸው በጎረምሳነታቸው ከጎንደር መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንዲት የእግር መኪና ልብስ ሲሰፉ እንደኖሩ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው በምንጓዝበት ጊዜ ግን እኒህ ልብስ ሰፊ በመጀመሪያ ባላምባራስ፣ ጥቂት እንደሄድን ፊታውራሪ፣ ፒያሳ ስንደርስ ደግሞ ደጃዝማች ሆኑ። መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይርቅ በመሆኑ እንጂ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ ዙፋን ላይ መውጣታቸው አይቀርም ነበር። እኒሁ ልብስ ሰፊ የእኔም አያት ስለሆኑና ሹመቱ ለእኔም ስለሚተርፈኝ፣ እኔም ሐሰት ነው ብዬ አልተከራከርኩም።

በማግስቱ ጧት ወደ ፋሲል ግቢ የሄድነው ስድስት ሆነን ነው፦ አጎቴ፣ እኔና ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ጎጃም ተወልዶ ያደገው የባለቤቴ እህት ባል፣ እንዲሁም ስልኩን ከፊቱ አውርዶ የማያውቅ አንድ ጎረምሳ የባለቤቴ ወንድም ልጅ። ቲኬት መሸጫው መስኮት ላይ ስንደርስ አጎቴ ካፖርታቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ቀደሙና በውስጥ የተቀመጠችውን ልጅ «ልጄ፣ የአያቱን ቤት ለመግባት ቲኬት የሚቆርጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አይቻለሁ አባቴ» አለች፣ ቀና ሳትል መልስ እየቆጠረች። «ዛሬ እንኳ አንቱ አራተኛው ነዎት።»

ስድስት ቲኬት ቆረጥን።

በዚያች ልጅ መልስ ላይ ብዙ አሰላስያለሁ። ዐፄ ፋሲል የሞቱት በ1660 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከእሳቸው ወዲህ በትንሹ 12 ትውልድ አልፏል። ሰው ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ ወደ ኋላ ሲቆጥር 12ኛው ትውልድ ላይ 4,096 አያቶች የሚቀመጡበት ቦታ ያገኛል። ቦታው ብዙ ስለሆነ አንዱን ለፋሲል መስጠት ነውር የለውም፤ የአጎቴን አባባል ሐሰት ነው ለማለት የከበደኝም ለዚህ ነው። ጥያቄው የቀሩት 4,095 አያቶች የት ገቡ የሚለው ነው። በዚያች ከተማ ድንጋይ የፈለጠ፣ ኖራ ያቦካ፣ ውኃ የቀዳ፣ እንጨት የተሸከመና በቅሎ ያጠበ ሰው ሁሉ አንድም ልጅ ሳይወልድ፣ ንጉሡ ብቻ ለብቻቸው አገር ሙሉ ወልደው አልፈዋል ማለት ነው? በሕይወቴ የደጃዝማች የልጅ ልጅ በየለቅሶ ቤቱና በየሰርጉ አግኝቻለሁ፤ «ቅድመ አያቴ ፋሲል ግንብ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሟል» ብሎ ያስተዋወቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። ድንጋዩ ግን ይኸው አለ።

ግቢው ወደ 70,000 ካሬ ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ በውስጡ ከፋሲል በኋላ የነገሡት ልጆችና የልጅ ልጆች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግንብ ጨምረዋል። የቀደመውን ንጉሥ ቤት አድሶ መኖር ማንን ገደለ የሚል ሐሳብ ወደ አእምሮዬ ቢመጣም፣ እኛም በየሠፈራችን ወንድማችን ሁለት ፎቅ ሲሠራ ሦስት ካልሠራን እንቅልፍ የማይወስደን ሰዎች ስለሆንን ትችቱን ዋጥኩት። በዙሪያው ያለው አጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 12 በሮች አሉት፤ አስጎብኚያችንም ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር፣ እርግብ በር፣ እንቆዬ በር እያለ ይጠራልን ጀመር።

«ጋጋሪዎቹስ በየት ነበር የሚገቡት?» አሉ አማቴ።

አስጎብኚው የተማረና ትሑት ወጣት ነው። ጥያቄውን እንዳልሰማ አላለፈውም፤ ነገር ግን መልስ ስላልነበረው «ጥሩ ጥያቄ ነው እናቴ» አለና ወደ ፋሲል ግንብ መራን።

እዚያ እንደደረስን ስለ ከተማዋ አመሠራረት የሚነገረውን አፈ ታሪክ ጀመረልን። ዋና ከተማው ስሙ በ«ገ» ፊደል ዘር በሚጀምር ቦታ ይሆናል የሚል ትንቢት ስለነበረ ነገሥታቱ ጎርጎራን ሞከሩ፣ ጉዛራን ሞከሩ፣ በመጨረሻ ፋሲል ለአደን ወጥተው ጎሽ ሲያሳድዱ ጎንደር ደረሱ፤ ከተማዋም በ1628 ዓ.ም. ገደማ ተቆረቆረች። አጎቴ በዚህ መካከል ገብተው ጎሹን ያባረረው ሰው ከእኛ ወገን እንደነበረ አስረዱ። አጠገባችን ቆመው ያዳምጡ የነበሩ የማናውቃቸው አዛውንት ደግሞ በትሕትና ሳል ካሉ በኋላ ጎሹን ያባረረው ሰው የእርሳቸው ቅድመ አያት መሆኑን አስታወቁ። ሁለቱ ዘመዳማቾች መሆናቸውን አጣርተው ተሳስመው እስኪለያዩ ድረስ ሩብ ሰዓት ቆምን። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ ሲያስብ የቆየው የባለቤቴ እህት ባል ፊቱን ወደ አስጎብኚው መልሶ፦

«ወንድሜ፣ ጎጃምስ በምን ፊደል ነው የሚጀምረው?» አለው።

ለዚህም ጥሩ ጥያቄ ነው ተባለ።

ግንቡን ማን ሠራው ወደሚለው ስንመጣ አስጎብኚው እውነተኛ ሙቀት አገኘ። ብዙ ሰው ፖርቱጋሎች ሠሩት ይላል፤ ፋሲል ግን ከፖርቱጋሎቹ ወገን የነበሩትን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ዬሱሳውያኑን፣ ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ሰውን ከቤት አስወጥቶ ከዚያው ሰው ቤት ማሠራት ደግሞ እኛ አገር እንኳ አልተለመደም። ሕንዶች እጃቸው እንዳለበት የሚናገሩ የጥንት ጽሑፎች አሉ፤ በግንበኝነትና በአንጥረኝነት ግን ከአገሩ ሰው የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ስም ቀድሞ ይነሣል። የእነሱ መንደር የነበረው ወለቃ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ዛሬም አለ። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን ከመካከላችን «ቅድመ አያቴ ወለቃ ነበር» ያለ ሰው አልተገኘም፤ አጎቴም ወደ ሰማይ አንጋጠው ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ይመረምሩ ጀመር። ማረሻ የሚሠራልንን፣ ምጣድ የሚሠራልንን፣ ግድግዳ የሚያቆምልንን ሰው በቀን ሥራ አዝዘን ማታ ቡዳ ነው ብለን ልጆቻችንን ከዓይኑ ስንደብቅ የኖርን ሕዝብ ነን። በፋሲል ልጅ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሞቹና ቤተ እስራኤሎቹ በየራሳቸው ሠፈር ለብቻ እንዲኖሩ ተወስኗል። ይህንንም አስጎብኚው ነገረን፤ ያዳመጥነው ግን ስለ ጎሹ ያዳመጥነውን ያህል አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ጉብኝቱ ፈጠነ። በዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት በኩል ያለፍነው ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፤ አንበሶች ይጠበቁበት በነበረው ቦታ ፊት ግን፣ አንበሶቹ ዛሬ ባይኖሩም፣ ጎረምሳው በሚፈልገው መልክ ፎቶ እስኪነሣ ድረስ ግማሽ ሰዓት ቆመናል። በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበረ የሚነገርለትን የታላቁን የዐፄ ኢያሱን ግንብ ጣሪያ አልባ ሆኖ አየነው። ጣሊያን ከተማዋን ይዞ በነበረበት ጊዜ እንግሊዞች ከአየር የጣሉት ቦምብም ከጉዳቱ ድርሻ አለው። ጣሊያኖቹ እጃቸውን የሰጡት በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዘመቻ ከእኛ ቤተሰብ ማን እንደነበረበት የሰማነውን እዚህ ብጽፈው ወጌ ሌላ ወግ ይሆንብኛል።

የዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽ ስንደርስ አስጎብኚው በደስታ እጁን ዘርግቶ ንጉሡ መኳንንቱንና ሠራዊቱን እዚህ ግብር ያበሉ እንደነበር ነገረን። ሁላችንም በሐሳባችን ከማዕዱ ራስጌ ተቀመጥን። በፊቴ ላይ የነበረውን የመኳንንት ገጽታ ባለቤቴ አይታ የሳቀችብኝ እዚህ ላይ ነው። አማቴ ግን አልተቀመጡም። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለኩና «ለልጄ ሰርግ 400 እንጀራ ለመጋገር ሦስት ሴቶች ሆነን ሁለት ቀን ጭስ ውስጥ ከርመናል» አሉ። «ይህንን አዳራሽ የሚያጠግብ እንጀራ ስንት ምጣድ ይፈልጋል? ውኃው ከቀሃ ወንዝ ነው የሚመጣው? ታዲያ ይህን ዳገት እንስራ አዝሎ የሚወጣው ማን ነው? እህሉንስ የሚፈጨው?»

አስጎብኚው ይህን ጊዜ ጥሩ ጥያቄ ነው አላለም። ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣና ጻፈው።

ከግቢው ወጥተን፣ ቡናችንን ጠጥተን፣ ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ዘመን ዕቃ ወደሚታይበት ሌላ ቤት ገባን። አጎቴ በር ላይ ካለው ጎራዴ ጀምረው እያንዳንዱን ጋሻና ጦር በስሙ፣ ባለቤቱንም በማዕረጉ ሲጠሩ፣ እኛም «እንዴ!» እያልን ስንከተል፣ አማቴ ከኋላችን እንደጠፉ ያስተዋልነው ዘግይተን ነው። ስንመለስ ጥግ ላይ፣ ብዙ ሰው በማያይበት ቦታ፣ ከተቀመጠ አንድ የድንጋይ ወፍጮ ፊት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው አገኘናቸው። ከአጠገቡ ያለው ወረቀት «የድንጋይ ወፍጮ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረበትም። አማቴ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱ አላሳሳታቸውም።

«ይህ መጅ የዚህ ወፍጮ አይደለም» አሉ።

ወፍጮው በመካከሉ በረጅሙ ጎድጎድ ያለ ሲሆን፣ በላዩ የተቀመጠው መጅ ግን ሆዱ ቀጥ ያለ ነው። አማቴ በጣታቸው ሳይነኩ፣ በአየር ላይ ከላይ ወደ ታች እየገፉ አሳዩን። መጅና ወፍጮ አብረው እየተበሉ እንደሚሄዱ፣ አንዱ ሲጎደጉድ ሌላው በዚያው ልክ ሆዱ እንደሚያብጥ፣ ወፍጮው ሲለሰልስ በድንጋይ እየተወቀረ እንደሚሳል፣ ይህኛው ደግሞ ከተወቀረ ብዙ ጊዜ እንደሆነው፣ የጎደጎደውም ወደ ቀኝ ያዘነበለ ስለሆነ ትፈጭበት የነበረችው ሴት አንዱ ትከሻዋ ያመኛት እንደነበረ በእርጋታ አስረዱ። «ወይም ልጅ አዝላ ነበር የምትፈጨው» አሉ ቆየት ብለው። «ልጅ ሲታዘል እንዲህ ነው የሚያዘነብለው።»

ያን ቀን ከሰማነው ታሪክ ሁሉ ማስረጃው ዓይናችን ሥር ሆኖ የተነገረን ይህ ብቻ ነው። ለንጉሡም ለጎሹም ለደጃዝማቹም አስተያየት የነበራቸው አጎቴ ለመጁ የሚሰጡት አስተያየት አልነበራቸውም። ፈጭተው ስለማያውቁ ነው አልልም፤ እኔም ፈጭቼ አላውቅም። የአጎቴ እናት፣ አያቴ ማለት ነው፣ በእጅ ወፍጮ ፈጭተው ልጆቻቸውን እንዳሳደጉ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። እኚህ ሴት ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በነበረው መንገድ ላይ አንድ ጊዜም እንኳ ስማቸው አልተነሣም፤ ባላቸው ደጃዝማች ሆነው ሲሾሙ ወይዘሮ ለማለት እንኳ ያስታወሳቸው አልነበረም።

ስንወጣ በር አጠገብ የጎብኚዎች መዝገብ ተዘርግቶ አገኘን። ስም፣ የመጡበት አገር፣ ሥራ፣ አስተያየት የሚሉ አራት ዓምዶች አሉት። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ብዕሩን ወረቀት ላይ ሞክረው፣ ሥራ በሚለው ዓምድ ሥር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «የደጃዝማች ልጅ» ብለው ጻፉ። እኔ ቀጥሎ ደረሰኝ። ጥቂት አሰብኩ፣ ከኋላዬ ሰው ቆሞ መጠበቁንም አየሁ፣ ከዚያም ከአጎቴ መስመር ሥር «እንደ ላይኛው» ብዬ ፈረምኩ።

አማቴ ብዕሩን አልያዙም፤ «እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍልኝ» አሉኝ። ስማቸውን ጻፍኩ። ሥራ የሚለው ላይ ምን ልበል ብላቸው፣ ይህማ ጥያቄ ነው እንዴ በሚል ዓይን አዩኝና «ባልቴት» አስባሉኝ። አስተያየት የሚለው ዓምድ ጠባብ ስለነበር ፊደሉን አሳንሼ፣ እንዳሉት ቃል በቃል አሰፈርኩት፦ «መጁ የዚህ ወፍጮ አይደለም። የራሱ የት እንዳለ ይፈለግ።»