እባካችሁ መካኒኮች፣ መኪናዋን ሳትሞቅ እዩልን!

ይሄን ዛሬ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም። ናፍጣ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ አይሱዙ ኤንፒአር ይዛችሁ ብርድ አገር የምታድሩ ሰዎች ወዲያው ይገባችኋል። ጠዋት መኪናዋ በአንዴ ትነሳለች፣ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆማ የምትሰራበት ዙር) ልክ ነው፣ ነጭ ጭስ የለ ምን የለ፣ ከዛ ወጥተህ ሶስተኛ አራተኛ አስገብተህ ነዳጁን አንድ ቦታ ላይ ረግጠህ እኩል ስትይዝ መንዘፍዘፍ ትጀምራለች። ጋቢናው ይንቀጠቀጣል፣ መሪው እጅህ ላይ ይርገበገባል፣ ረዳቱ ሳይቀር ደንግጦ ያይሃል። ጫን ስትላት ትተዋለች፣ እግርህን ስታነሳም ትተዋለች፣ እኩል ስትይዛት ብቻ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ያልነበረ ነገር ይሆናል።

ማሽን ነው ይበላሻል፣ እሱ አያናድደኝም። እኔን ያቃጠለኝ ጋራዥ ቤቱ ነው። እዛ እስክትደርስ መንገድ ላይ ትሞቃለች፣ መካኒኩ ቁልፉን ተቀብሎ ሁለት ሶስቴ ነዳጅ ሰጥቶ «ምንም የለባትም ጌታዬ» ይልሃል። ኧረ ስትቀዘቅዝ ነው ስትለው «እንግዲያው ኖዝል ነው»፣ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ማለት ነው። በምን አወቅክ ወንድሜ? አላወጣኸው፣ ቴስት ላይ አልጫንከው! አራቱም ኖዝል ተቀየረ፣ በነጋታው ያው መንዘፍዘፍ። ሌላው ጋር ስትሄድ ፍሪሲዮን (ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘው) ነው፣ ሌላው ሱፖርቶ (ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ) ነው፣ አንዱማ ናፍጣውን ወደ ኖዝል የሚገፋው ፖምፓ ይውረድ ብሎ ቁልፍ አንስቶ ነበር። ሁሉም በግምት፣ ግምቱ ደግሞ በእኔ ኪስ። የዋናው እቃ ዋጋ ስንት እንደገባ ሶማሌ ተራ የዞረ ሰው ያውቀዋል፣ መኪናዋ በቆመችበት ቀን ሁሉ ደግሞ ጭነቱ ሌላ ሰው ጋር ነው የሚሄደው፣ የረዳት ደሞዝ ግን አይቆምም።

አንድም ሰው «እስቲ እዚህ ትደር፣ ጠዋት ሳትነሳ አያታለሁ» አላለኝም። አንድም! በሽታው የሚታየው ጠዋት ነው፣ እናንተ የምታዩት ከሰዓት ነው፣ እንዴት ነው የሚገኘው?

ሹፌር የሚለውን መስማትም የለም። እኔ እኮ ደጋግሜ ነገርኳቸው፣ ደብረ ብርሃን ካደረች ጠዋት ትንዘፈዘፋለች፣ ጣርማ በርን ወርጄ ሸዋ ሮቢት ካደርኩ ግን ጠዋትም ምንም የለባትም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ውርጭ ሜዳውን ነጭ አድርጎ ታገኘዋለህ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። ያው መኪና፣ ያው ናፍጣ፣ ልዩነቱ ብርዱ ነው። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው፣ ፍሪሲዮን የሸዋ ሮቢትና የደብረ ብርሃንን ጠዋት ለይቶ አይታመምም። ደግሞ ይሄን ለመለየት እኮ ምንም መፍታት አያስፈልግም፣ በቀዝቃዛው መኪናዋን አቁሞ ማርሹን ፍሪ ላይ አድርጎ ነዳጁን በዛችው ዙር መያዝ ነው፣ ቆማም ከተንዘፈዘፈች ፍሪሲዮንም ክሮቸራም (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ነጻ ናቸው፣ ነገሩ ሞተሩ ወይ ነዳጁ ጋ ነው።

በመጨረሻ ያገኘልኝ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ጋራዣቸው ይሄን ያህል የሚወራለት አይደለም። «ልጄ፣ ነገ ማታ አምጣትና እዚህ ትደር፣ እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት» አሉኝ። ጠዋት ጋቢናውን ገልብጠው ናፍጣ ወደ ፖምፓው የሚገባበትን ቱቦ ፈቱና በቦታው መብራት የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቱቦ አስገቡበት፣ ከዛ አስነሳና ነዳጁን እኩል ያዝ አሉኝ። ልክ መንዘፍዘፍ ስትጀምር ና እይ ብለው ጠሩኝ፣ ረዳቱን አስይዤ ወረድኩ። በቱቦው ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ ተከታትሎ ይሄዳል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ያልፋል፣ እሱ ባለፈ ቁጥር ሞተሩ ይንገጫገጫል። ከዛ ንጹህ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን አምጥተው ቱቦውን በቀጥታ እሱ ውስጥ ከተቱት፣ አረፋውም መንዘፍዘፉም ጠፋ። ስለዚህ አየሩ የሚገባው ከታንኩ እስከ ፖምፓው ባለው መስመር ላይ ነው ማለት ነው። ሻሲው ስር ተኝተው ሲፈልጉ የጎማው ቱቦ ማሰሪያው አጠገብ ደርቆ ተሰንጥቋል።

ናፍጣ የማይንጠባጠበው እዛ ጋ ፖምፓው ስለሚስብ ነው፣ ናፍጣ ከመውጣት አየር ይገባል። ያረጀ ጎማ በብርድ ይደርቃል ይኮማተራል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲሞቅ ይለሰልስና ይገጥማል። እኩል ስትይዛት ብቻ የሚሰማህ ደግሞ ያኔ የሚረጨው ናፍጣ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ትንሽ አየር ሲጨመርበት አንዱ ሲሊንደር ያጣል። አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦና ሁለት ማሰሪያ! ለዚህ ነው አራት ኖዝል የገዛሁት!

ሁሉም መንዘፍዘፍ ቱቦ ነው እያልኩ አይደለም። ፊልትሮ ሊሆን ይችላል፣ በበርሜል የተገዛ ናፍጣ ይዞት የመጣ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ የእውነት ኖዝልም ሊሆን ይችላል። ግን ከቀላሉና ከርካሹ ጀምሩ፣ መጀመሪያ እዩ ከዛ ፍቱ። ኮመን ሬል የሆኑት (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት አንድ ቱቦ ውስጥ ተጠራቅሞ ለኖዝሎቹ የሚከፋፈልባቸው) አዲሶቹ ላይ ደግሞ እባካችሁ፣ ሞተሩ እየሰራ የኖዝል ቱቦ ላላ አድርጎ መፈተሽ የሚባለውን የድሮ ነገር እንዳትሞክሩ፣ እዛ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ቆዳ ይበሳል፣ እጅ ያስቆርጣል።

አሁን ይሄን ያስጻፈኝ ጓደኛዬ ነው። የሱ አይሱዙ ያንኑ ምልክት ይዛ አዲስ አበባ ያለ ጋራዥ ገብታለች፣ ዛሬ ከሰዓት ሞቃ እያለች አይተው ፖምፓ ይውረድ ብለውታል፣ ነገ ሊያወርዱት ነው። አትንኩት በላቸው ብዬዋለሁ። ለገጣፎም ይሁን ሰንዳፋ አካባቢ መኪና አሳድሮ ጠዋት በቀዝቃዛው የሚያይ መካኒክ የምታውቁ ዛሬ ማታውኑ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።