«ፔሬዷ ሊመጣ ነው መሰለኝ»

ነገሩ የተነሳው በአንድ ሪፖርት ነው። አብራን የምትሠራ ልጅ ሪፖርቱ ለሦስተኛ ጊዜ ስለዘገየባት ተቆጥታ፣ በሩን በኃይል ዘግታው ወጣች። ወዲያው አንዱ ባልደረባችን ሳቅ እያለ፣ «ፔሬዷ ሊመጣ ነው መሰለኝ» አለ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ሳይታወቀኝ ፈገግ ብያለሁ።

አጠገቤ ያለችው ግን አልሳቀችም። «ለመሆኑ ሪፖርቱ ደርሷል?» አለችው።

«አልደረሰም። ቢሆንስ ይህን ያህል ያስጮኻል?»

«ባለፈው ሳምንት አንተ ለዚሁ ሪፖርት ጠረጴዛ ስትደበድብ ምንህ ሊመጣ ነበር?»

እሱም እልህ ያዘው። «እኔ አልፈጠርኩት! ሐኪሞች ስም ያወጡለት ነገር ነው» አለ።

ከወር አበባ በፊት ለሚመጣው ብስጭትና ሕመም ስም ወጥቶለታል፤ እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሮበርት ፍራንክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም «ቅድመ ወር አበባ ውጥረት» ብሎታል፤ በ1953 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ «ሲንድረም»፣ ማለትም አብረው የሚመጡ ምልክቶች ስብስብ፣ ተባለ። አጠገቤ ያለችው ወጣት ግን ሌላ አመጣች። በ1977 ፕሪንስተን ውስጥ ዳያን ሩብል የተባለች ተመራማሪ፣ የወር አበባቸው ሊመጣ አንድ ሳምንት ገደማ የቀራቸውን ተማሪዎች ሰብስባ መሣሪያ ገጠመችላቸውና ለአንዳንዶቹ «ነገ ተነገ ወዲያ ይመጣል»፣ ለሌሎቹ «ገና ነው» አለቻቸው። መሣሪያው የይስሙላ ነበር። «ሊመጣ ነው» የተባሉት ሰውነታችን አብጧል፣ ያመናል ያሉት ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ።

«በቃ፣ ሁሉም ምናብ ነው ማለት ነዋ!» አለ ልጁ፣ ያሸነፈ መስሎት።

እስካሁን ዝም ብላ የቆየችው ታላቃችን ይህን ጊዜ ብድግ አለች። «ሸሚዜ ሲነካው የሚያመኝ ጡቴ ምናብ ነው? ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኝ ሽንት ቤት ገብቼ የማለቅሰው ምናብ ነው?» ቀጥላም በ1998 አሜሪካ ውስጥ የታተመውን ጥናት ነገረችን። የሴቶችን የእንቁላል ሆርሞን በመድኃኒት ካቆሙ በኋላ መልሰው ሲሰጧቸው፣ ድሮም ከወር አበባቸው በፊት የሚጨንቃቸው ሴቶች ስሜት ተረበሸ፤ ጤነኞቹ ግን በዚያው ሆርሞን ምንም አልሆኑም። «ልዩነቱ ሰውነቱ ሆርሞኑን የሚቀበልበት መንገድ ላይ ነው። አንቺም ለእኛ ተሟግተሽ ሞተሻል» አለቻት ለወጣቷ።

ወጣቷ አልተቀየመችም። «አያምሽም አላልኩም፣ እህቴ። ግን የወር አበባሽ የመጣበትን የመጀመሪያውን ቀን አስቢው፤ ምን ተባልሽ?»

ታላቃችን ጥቂት ዝም አለች። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

እኔም ስለ ራሴ አሰብኩ። ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ፣ አሁንም ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ሞዴሱን እጅጌዬ ውስጥ እደብቃለሁ። ነውር ነው እየተባለች ያደገች ሴት ቀኑ ሲቃረብ ገላዋን እንደ ጠላት ትጠብቀዋለች፤ ትንሿም ቁርጠት አታመልጣትም። በሌላው ሳምንት ስትነጫነጭ ግን ማንም አይቆጥርባትም፤ ራሷም ትረሳዋለች። ለዚህ ነው ከባዱን ዓይነት የሚመረምሩ ሐኪሞች በትዝታ ብቻ የማይፈርዱት፤ ቢያንስ ሁለት ዑደት በየቀኑ ጻፊ ይላሉ።

እኔ አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ፣ በእርሳስ። በመጀመሪያው ወር አምስት መጥፎ ቀን አገኘሁ። ሦስቱ እውነትም ከፔሬዴ በፊት ነበሩ። ሁለቱ ከአለቃዬ ጋር ስብሰባ የነበረኝ ቀን።

ፍረጂ ካላችሁኝ፣ ስለ ሕመሙ ታላቃችን ልክ ናት፤ ሕመሙን የሚያከብደው ምን እንደሆነ ደግሞ ወጣቷ በደንብ አይታዋለች። ልጁ የተሳሳተው ፔሬድ ስሜትን ይነካል በማለቱ አይደለም፤ በፔሬዷ ተከልሎ ከሪፖርቱ ጥያቄ ማምለጡ ነው። በሩን ዘግታ የወጣችው ልጅ በእርግጥም ፔሬዷ ሊመጣ ይችላል፤ ታዲያ ሪፖርቱን ያዘገየው ፔሬዷ ነው? የድሮው ሰው «ነውር ነው፣ ዝም በይ» ይላታል፤ ይኼኛው «ፔሬዷ ነው» ብሎ ያንኑ ዝም ያሰኛታል። እኔ ደግሞ በዚያ ፈገግታዬ አግዤዋለሁ።