ገንዳው ይሠራ ወይስ ይቅር?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ከለጋሾች ገንዘብ አሰባስቦ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሞቀ ውሃ ገንዳና የአካል እንቅስቃሴ አዳራሽ ያለው የማገገሚያ ማዕከል ለአካባቢው ነዋሪ ልሥራ ብሎ ቢነሳ ሊደገፍ ይገባል? «ይሠራ» የምትለው ፊዚዮቴራፒስት ናት። «ይቅር» የሚለው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ ሲመረምር የኖረ ኦዲተር ነው። አንዱ የሌላውን እያነበበ በየተራ ጽፈዋል።

ፊዚዮቴራፒስቷ

ስትሮክ የመታውን ሰው ቆሞ እንዳይሄድ ከሕመሙ በላይ የሚያስረው ፍርሃቱ ነው። ግማሽ አካሉ አይታዘዘውም፤ አንዴ ወድቋል፤ ሁለተኛ መውደቅ አይፈልግም። ስለዚህ እግሩን አያነሳም፤ ያልተነሳ እግር ደግሞ እየሰለለ ይሄዳል። ይኸው ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲገባ እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እስከ ደረቱ ሲገባ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ እስከ አንገቱ ከሆነ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ቢንሸራተት እንኳ የሚወድቀው ቀስ ብሎ ስለሆነ እሱም ለመቆም፣ እኔም ለመያዝ ጊዜ አለን።

ውጭ አገር ስሠለጥን ገንዳ ውስጥ ሠርቻለሁ። ታካሚው የብረት መደገፊያውን ይዞ በራምፕ፣ ማለትም ደረጃ በሌለው ተዳፋት መውረጃ፣ ይወርዳል፤ እኔ ፊት ለፊቱ ወደኋላ እየሄድኩ እጁን እይዛለሁ። መጀመሪያ የሚማረው መራመድ አይደለም፤ ከንፈሩን ውሃው ላይ አድርጎ እፍ ማለትን ነው። ጄምስ ማክሚላን በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አካል ጉዳተኛ ልጃገረዶችን ዋና ማስተማር ሲጀምር ያሰናዳው፣ በትምህርት ቤታቸው ስም ሃሊዊክ የሚባለው ዘዴ ለትንፋሽ ትልቅ ቦታ ይሰጣል። እፍ ማለት የቻለ ሰው ትከሻው ይላላል፤ እግር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው ከ33 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሞቅ ይገባዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተወጠረ ጡንቻ ጭራሽ ይኮማተራል። የሆቴል መዋኛ ለእኔ ሥራ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉልበታቸው አልቆ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው እናቶች፣ በመኪና አደጋ ጀርባቸው የተጎዳ ወጣቶች፣ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸው ልጆች በየሰፈሩ ሞልተዋል። «ፍልውሃ አለን አይደል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ይወርዱ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደውት ነው። ሰው ግን ፍልውሃ ገብቶ ይዘፈዘፋል፣ ይወጣል። ሙቀቱ ሕመም ያስታግሳል፤ የሰለለ ጡንቻን ግን ዝም ብሎ የሚያበረታ ሙቀት የለም። ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ ሊያሠራው ይገባል።

ኦዲተሩ

እህቴ፣ ውሃው ይጠቅማል፤ በዚህ አንጣላም። የምንጣላው ገንዳው በአምስተኛው ዓመት ይሞቃል ወይ በሚለው ነው።

ቀላል ስሌት ላስቀድም። ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 6፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር የሆነ ገንዳ 72,000 ሊትር ይይዛል። አሥር ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ ስምንት ምልልስ መሆኑ ነው፤ ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቦቴ መጥራት የማይቀር ነው። ያንን ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 34 ለማድረስ 1,340 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ይህ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ሙቀቱ በትነት ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ ያድራል፤ የአዲስ አበባን ሌሊት ደግሞ ያውቁታል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ያስፈልጋል። ክሎሪኑ በየቀኑ ካልተለካ ደግሞ ሊድን የመጣ ሰው ሌላ በሽታ ይዞ ይሄዳል።

የመለዋወጫውን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው። ስሙን የማልጠራው አንድ ማዕከል የንብረት ቆጠራ ላይ ነበርኩ። በዕርዳታ የመጣ የኤሌክትሪክ ሩጫ ማሽን ጥግ ላይ ቆሟል፤ የመያዣው ፕላስቲክ ገና አልተላጠም፤ የንብረት ቁጥሩ በጥንቃቄ ተለጥፎበታል። ገና ሲተከል በኃይል መዋዠቅ ቦርዱ ተቃጥሎ መለዋወጫ ሲጠበቅለት ነው የቆየው። መዝገቡ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ተጽፏል፤ በየዓመቱ እንደገና ይቆጠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የአንድ ፓምፕ ዋጋ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደዘለለ የገዛ ያውቀዋል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል።

ድሃ ስለሆንን ብቻም አይደለም። የኃይል ዋጋ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲንር እንግሊዝ ውስጥ የሕዝብ መዋኛዎች መዘጋት ጀመሩ፤ መንግሥት በተከታዩ ዓመት ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መመደብ ነበረበት። የእኛን ገንዳ ሲጨንቀው የሚደግፈው ማን ነው?

ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚገኘውስ ምን ያህል ነው? ማስረጃዎችን እያጣራ የሚያወጣው ኮክሬን በ2016 እ.ኤ.አ. 13 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ፣ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያቸው ላለቀ ሰዎች የውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛና የአጭር ጊዜ ነው ብሏል።

ፊዚዮቴራፒስቷ

ወንድሜ፣ የሆቴል ገንዳ አስልተው ለእኔ ደረሰኙን ሰጡኝ። እኔ የምለው 6 በ4 ነው፤ በእርስዎው ጥልቀት 29,000 ሊትር አይሞላም። የማሞቂያው ኃይልም በዚያው ልክ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ትነትን የሚያግደው ማታ ማታ የሚዘረጋ መሸፈኛ ነው። ፀሐይ ደግሞ አለችን፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ቢተከል ቆጣሪው ከሚቆጥረው ላይ ብዙ ይቀነሳል። በክረምቱ ግን ሌላ ማሞቂያ እንደሚያስፈልግ አልክድም።

ኮክሬንን በተመለከተ፣ ያ ጥናት የሚናገረው ስለ መገጣጠሚያ ነው። መሬት ላይ ጭራሽ መቆም የማይችል ሰው ውሃ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ያለውን ልዩነት ከጉልበት ሕመም ነጥብ ጋር አንድ ላይ አይደምሩብኝ።

በዕርዳታ ገንዘብ የተሠራ ገንዳ ምን እንደሚያመጣ ማየት ከፈለጉ አሜሪካ ውስጥ ወደ ጆርጂያ ግዛት፣ ዋርም ስፕሪንግስ ይሂዱ። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1921 እ.ኤ.አ. በፖሊዮ እግሩ ከሰለለ በኋላ፣ 31 ዲግሪ የሚሆነውን ያንን የምንጭ ውሃ በ1924 ሞከረ፤ በ1926 ቦታውን ገዛው፤ በ1927 ፋውንዴሽን አቋቋመ። ከመላው አገሪቱ የመጡ የፖሊዮ ታካሚዎች እዚያ ሠለጠኑ።

ኦዲተሩ

ሩዝቬልት ያለ ድጋፍ መራመድ አልቻለም፤ እስኪሞት ድረስ። ፖሊዮንም የገታው ገንዳ አይደለም፤ በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣው የጆናስ ሳልክ ክትባት ነው። ያንን ክትባት የደገፈው ደግሞ ሕዝቡ ሳንቲም በሳንቲም ያዋጣው ገንዘብ ነው። እኔ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ያው ብር የት ቢውል ይበልጣል?

ዋርም ስፕሪንግስን ካነሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያንሱት። ጥቁር ታካሚዎች አይገቡበትም ነበር። ለእነሱ በ1941 እ.ኤ.አ. አላባማ፣ ተስኪጊ ውስጥ ሌላ ማዕከል መክፈት ግድ ሆነ። እኛ አገር በቀለም የሚለይ በር አይኖርም፤ በትራንስፖርት ዋጋ የሚለይ ግን ይኖራል። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ሚኒባስ አይጭነውም። በሳምንት ሁለቴ ኮንትራት ታክሲ ይዞ የሚመጣው ማን ነው? መኪና ያለው ልጅ ያለው ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1978 እ.ኤ.አ. አልማ አታ ከተማ ከተካሄደው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጉባኤ በኋላ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶን ያስፋፋው ለዚህ ነው። እዚሁም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ሥራም አለው። ባለሙያው ቤት ይሄዳል፣ ቤተሰቡን ያሠለጥናል፣ ካለው እንጨት መደገፊያ ያሠራል። የሚቃጠል ቦርድ የለውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ

የሳልክን ክትባት የደገፈው ገንዘብ ከየት ተነሳ? በ1934 እ.ኤ.አ. በሩዝቬልት ልደት ቀን በየከተማው የተዘጋጁት ጭፈራዎች ገቢ የሚያሰባስቡት ለዋርም ስፕሪንግስ ነበር። ከዚያ ነው በ1938 ክትባቱን የደገፈው ብሔራዊ የፖሊዮ ፋውንዴሽን የተወለደው። ሰው ለላቦራቶሪ ሳይሆን ለሚያያቸው ልጆች አዋጣ። እርስዎ ገንዳውንና ክትባቱን ተፎካካሪ አደረጓቸው፤ እናትና ልጅ ናቸው። ስለ በሩ ያሉት ግን ልክ ነው፤ ለዚህ ነው የማዕከሉ ዕቅድ ላይ ራምፕ ያለው መኪና ከገንዳው በፊት መጻፍ አለበት የምለው።

ቤት ለቤት እሄዳለሁ፤ ያንን ሥራ ለእኔ አይንገሩኝ። የምገባበት ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞላዋል። ታካሚውን ለማስቆም መጀመሪያ ጀሪካኑንና ምድጃውን ወደ በረንዳ አወጣለሁ፤ ጎረቤት ዝናብ መጣ ሲል መልሼ አስገባለሁ። ሦስት እርምጃ የሚሆን ወለል የለም። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ደግሞ እናቱ ተሸክማው አትወጣም፤ ወገቧ ተጎድቷል፤ እሷም ታካሚ ሆናለች። እሷን «እዚሁ ቤትሽ እናክምሽ» ማለት «ከቤትሽ አትውጪ» ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እናቶቹ ማዕከል ሲገናኙ ስለ ጫማ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ባሎቻቸው ይነጋገራሉ፤ እኔ የማላውቀውን መፍትሔ አንዷ ለሌላዋ ትሰጣለች። ይህን የሚተካ የቤት ጉብኝት አላየሁም።

የማስኬጃው ገንዘብም መላ አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጁ፣ ቁጥር 1113/2011፣ ድርጅቶች ገቢ እንዲያስገኙ ይፈቅዳል። አዳራሹ ጠዋት ጠዋት ለከፋይ ይከፈት፤ ከዚያ የሚገኘው ክሎሪን ይግዛ።

ኦዲተሩ

አዋጁ ይፈቅዳል። ይኸው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥም ያዛል፤ ጥበቃው፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ የቢሮው ኪራይ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ግን የሚያሳስበኝ ሕጉ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ከፋዩ ጠዋትን ይፈልጋል፣ ከሥራ መልስ ያለውንም ይፈልጋል። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ይሰጠዋል። የናፍጣ ዋጋ ሲጨምር አራት ይሆናል። ከዚያ የእርስዎ ታካሚዎች ውሃው ሲቆሽሽና ሲቀዘቅዝ ከምሳ በኋላ ይገባሉ። ይህን ተንኮለኛ ሥራ አስኪያጅ አያመጣውም፤ ደመወዝ የሚከፍለው ቅን ሰው ነው የሚያመጣው።

ስለዚህ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። የመሠረት ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት የአምስት ዓመት ማስኬጃ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። ካልሆነ አይጀመር።

ፊዚዮቴራፒስቷ

ለደመወዝና ለክሎሪን ብቻ አምስት ዓመት ቀድሞ የሚሰጥ ለጋሽ ካለ አድራሻውን ይላኩልኝ፤ ገንዳውን ትቼ እሱን ነው የማየው። ለጋሽ የሚሰጠው ስሙ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍበት ነገር ነው። ቅድመ ሁኔታዎ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ክልከላ ነው።

እኔ የምለው በየደረጃው ይሠራ ነው። በመጀመሪያ አዳራሹ ይሠራ፤ የመራመጃ ብረት፣ ፍራሽ፣ መስታወት፣ መኪናዋ፣ ሁለት ፊዚዮቴራፒስት። የገንዳው ክፍል የፍሳሽ መስመሩና የቧንቧው ቦታ ተዘጋጅቶለት ይጠብቅ። አዳራሹ ሁለት ዓመት በደህና ከሠራ ገንዳው ይቆፈር።

ኦዲተሩ

አዳራሹን ዛሬ እፈርምልዎታለሁ። የሚጠብቀውን ክፍል ግን አልፈርምም፤ እዚህ አገር ባዶ የቆየ ክፍል ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። መጋዘን ይሆናል። የማይሠራውም የሩጫ ማሽን እዚያ ይገባል።

ፊዚዮቴራፒስቷ

እንግዲያው የክፍሉን ቁልፍ ለታካሚዎቹ ቤተሰቦች ኮሚቴ ይስጡ። ስለ ልጇ ገንዳ የምታስብ እናት እያለች እዚያ ክፍል ውስጥ የተሰበረ ወንበር የሚያስገባ ንብረት ክፍል ካለ፣ ያኔ እርስዎ ጋር እስማማለሁ።