«ጠፍቷል» ተብሎ የተተወ እሳት

ወገኖቻችን፣ ሰደድ እሳት በተነሣ ቁጥር «ማን ለኮሰው?» እያልን ክፉ ሰው እንፈልጋለን። ሆን ብሎ የሚያቃጥል የለም አንልም፤ አለ። ብዙውን ጫካ የሚፈጀው ግን ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ምሽቱን እሳት ሞቆ፣ ጠዋት የተረፈችውን ውሃ አመዱ ላይ ደፍቶ፣ «ጠፍቷል» ብሎ የሄደ ሰው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2012 በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩት ሰደድ እሳቶች ሲመረመሩ ከመቶው 84ቱን ያስነሣው ሰው ሆኖ ተገኝቷል። የቀረው የመብረቅ ነው። መብረቅ እንኳ ብዙ ጊዜ ማጥፊያውን ዝናብ ይዞ ይመጣል። እኛ እሳት የምንጥለው ሰማዩ ጠርቶ ሣሩ ደርቆ ሳለ ነው።

«እሳት ቢያንቀላፋ ገለባ ጎበኘው» ይላል ተረቱ። ስንፍናችን ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያንቀላፋውን እሳት ከሞተው ለመለየት አንደክምም። ነበልባሉ ከወደቀ፣ ጭሱ ከቀጠነ ይበቃናል። ፍም ግን ያለ ነበልባል፣ አንዳንዴም ያለሚታይ ጭስ ለቀናት ይኖራል። አመድ ሙቀት በቀላሉ ስለማያስወጣ ላዩን ሸፍኖ ያሞቀዋል። ሥር ካገኘ ደግሞ ከመሬት በታች እየጋየ ይሄድና ሜትሮች ርቆ፣ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሣር ሥር ብቅ ይላል። እሳት አመድ ወለደ ሲባል ሰምታችኋል፤ ጫካ ውስጥ አመድም እሳት ይወልዳል።

ይህ ባለሙያንም ያታልላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ ቅዳሜ የተነሣ ትንሽ የሣር እሳት በእሳት አደጋ ሠራተኞች ቁጥጥር ሥር ዋለ። እሑድ ደረቅና ብርቱ ነፋስ ሲነሣ ከረመጡ እንደገና ተቀጣጠለ፤ 25 ሰው ሞተ፣ ወደ 3,000 የሚጠጋ መኖሪያ ወደመ። ቱቦና መኪና የያዘው ከተሳሳተ፣ ግማሽ ጠርሙስ ውሃ የያዛችሁ እናንተ በምን ተማምናችሁ ነው ዓይታችሁ ብቻ የምትሄዱት?

እሳት የሚጠፋው በዓይን ሳይሆን በእጅ ነው። ሥራውም ከመለኮሱ በፊት ይጀምራል። ቦታው ላይ ቅጠልና ሣር እስከ አፈሩ ድረስ ተጠርጎ ቢያንስ 3 ሜትር ዙሪያውን ባዶ ይሁን፤ ከድንኳንና ከቁጥቋጦ ደግሞ ከ4 ሜትር ተኩል ያላነሰ ይራቅ። ቀና ብላችሁ እዩ፣ ከላይ ያንዣበበ ቅርንጫፍ ካለ ቦታ ቀይሩ። አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃና አካፋ ሳይቀርቡ ክብሪት አይጫር። ስትጨርሱ ውሃውን ጥቂት በጥቂት ፍሙ ሁሉ ላይ አፍስሱ፤ መንጫጫቱ እስኪቆም ድረስ። ከዚያ በአካፋ አገላብጡት፣ ግማሽ የነደዱትን ግንዶች ገልብጣችሁ ሆዳቸውን ፋቁ፣ ከታች ያለውን አፈር ቆፍሩ፣ እንደገና ውሃ፣ እንደገና ማገላበጥ። ጭቃ እስኪሆን ድረስ። በመጨረሻ የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ ቀረብ፣ ቀጥሎ ነካ አድርጉ። ለመንካት የሚያስፈራ ከሆነ ጥሎ ለመሄድም ያስፈራ።

አፈር መልሶ መሄድ የሚባለውን ነገር ተዉት። ብዙዎች ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። ከአፈር ሥር የተቀበረ ፍም አየር በትንሹ እያገኘ ይቆያል፣ ከአጠገቡ ያለውን ሥር ይይዛል፣ አልፎም ባዶ መሬት መስሎት የሚረግጠውን ሰው ወይም እንስሳ እግር ያቃጥላል። ውሃ ከሌለ አፈሩን ከፍሙ ጋር ደባልቃችሁ እስኪቀዘቅዝ አገላብጡ። ይህ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ሰዓቱ ከሌላችሁ አትለኩሱ።

«ትናንት እኮ ዘንቧል» የምትሉም አላችሁ። ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ሣር፣ ቅጠልና ጭራሮ ከአየሩ ጋር አብሮ ለመድረቅ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ጣት የሚያክል እንጨት ወደ 10 ሰዓት፣ ክንድ የሚያክለው ቀናት ይፈልጋል። ግንዱን ዳሳችሁ «እርጥብ ነው» ስትሉ ሣሩ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ደርቆ ይጠብቃችኋል፤ እሳት የሚጀምረው ደግሞ ከሣሩ ነው። በየአገሩ ያሉ የእሳት ሠራተኞች የሚይዟት አንዲት ቀላል መመዘኛ አለች፦ ሦስት ጊዜ 30። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች፣ ነፋሱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ። ሦስቱ በተገናኙበት ቀን ሜዳ ላይ ምንም እሳት አይነድም፣ ብየዳም አይበየድም። አንዱ እንኳ ቢጎድል ፈቃድ አገኘሁ ብላችሁ አትያዙት።

ብየዳ ያልነው ያለምክንያት አይደለም። እሳት ክብሪት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ ተጎታች ጎማ ተንፍሶ ቸርኬው አስፋልቱን ሲፍቅ የወጣው ፍንጣሪ ከ92 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጠለ፣ ከ1,000 በላይ መኖሪያ ቤቶች አመድ ሆኑ። በዚያው ወር የተርብ ጉድጓድ ለመድፈን የብረት ካስማ በመዶሻ የመታ ሰው ያስነሣው ደግሞ ከ160 ሺህ ሄክታር አለፈ። ሁለቱም እሳት ልለኩስ ብለው አልወጡም። ስለዚህ የተጎታቹ ሰንሰለት መሬት እየነካ አይጎተት፣ የጎማው ነፋስ ከመንገድ በፊት ይታይ። መኪና ደረቅ ሣር ላይ አይቁም፤ ከሥሩ ያለው የጭስ ማጣሪያ (ካታሊቲክ ኮንቨርተር) ከ500 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፣ ሣር ደግሞ ከዚያ ባነሰ ይያያዛል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ከወረዳችሁ በኋላም ግለቱ ወዲያው አይወርድም። የሣር ማጨጃ ማሽን ምላጩ ድንጋይ ሲመታ ይፈነጥቃል፤ ጤዛው ሳይለቅ በማለዳ እጨዱ። ግራይንደርና ብየዳ ሲሠራ 11 ሜትር ዙሪያውን የሚነድ ነገር ይነሣ ወይም ይራስ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም አንድ ሰው አንድ ሰዓት ቆሞ ይጠብቅ። የሚጠብቀውም ስልኩን ሳይሆን መሬቱን ይይ።

ቆሻሻና ገለባ ማቃጠል ሌላው ትልቁ በር ነው። መጀመሪያ ማቃጠል የግድ ነው ወይ? ማበስበስ፣ ማረስ፣ መክተፍ ይቻላል። የግድ ከሆነ የአካባቢው ባለሥልጣን ይወቀው፣ ክምሩ ከ1 ሜትር ከ20 በላይ አይደግ አይስፋም፤ የተረፈውን እየቆራረጡ መጨመር ይሻላል። ቤንዚን አይርከፍከፍ፤ እንፋሎቱ ከእናንተ ቀድሞ ይያዛል፣ ፊትም ይልሳል። የእርሻ ቃርሚያ ከሆነ ዙሪያውን አርሳችሁ ባዶ መስመር አውጡ። መለኮሻው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ያለው ጫፍ ይሁን፤ እሳቱ ነፋሱን እየተጋፈጠ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ከኋላው ያለው ጥቁር መሬት አጥር ይሆናል። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል የለኮሰ ሰው ግን እሳቱን አሳልፎ ለነፋስ ሰጠ። ጉቶና የተደፋ ግንድ የነካ እሳት ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ሦስትና አራት ቀን እየተመላለሳችሁ አመዱን በትኑ፣ ዳስሱ።

ሲጋራ የሚያጨስ ቁራጩን በመኪና መስኮት አይወርውር። ከቤት የወጣ አመድም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀመጥ እንጂ ፕላስቲክ ከረጢት አይግባ። በነፋሻማ ቦታ የተንቀሳቃሽ ምድጃ ግልብጥ ማለቱ ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በቺሌ የቶረስ ዴል ፓይኔ ፓርክ ወደ 15 ሺህ ሄክታር የተቃጠለው አንድ ጎብኚ ባልተፈቀደ ቦታ ካስቀመጣት ምድጃ ነው። ርችትንስ በደረቅ ወቅት ማን ፈቀደው? የሚወለደው ልጅ ወንድ ይሁን ሴት ለማብሰር እ.ኤ.አ. በ2020 የተተኮሰ የጭስ መሣሪያ ያስነሣው እሳት የአንድ እሳት አጥፊ ሕይወት ቀጥፏል። ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ የተሰበረ ጠርሙስ ላይ ፀሐይ አርፎ ነው ሲል ይገርመናል። ይሆን ይሆናል፣ ብርቅ ግን ነው። ጠርሙስ አይከራከርምና ጥፋት ለመጫን ይመቻል።

አሁን ደግሞ እሳቱ ከእጃችሁ ወጣ እንበል። እዚህ ላይ ከቸልተኝነት የከፋው ዝምታ ነው። የለኮሰው ሰው ክስ ፈርቶ ይሸሻል፤ በአንድ ባልዲ የሚጠፋው እሳት ማምለጡን የሚያውቅ እሱ ብቻ ሳለ። እሳቱ ከጉልበት በታች ከሆነና መሸሻችሁ ክፍት ከሆነ ከኋላውና ከጎኑ ግቡ፣ ፊት ለፊቱ አትቁሙ። ከዚያ ካለፈ ተዉት። ሽቅብ አትሩጡ፤ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣ እሳት ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ሰው ግን ዳገት ላይ ይደክማል። ወደ ጎን፣ ወደ ታች ወይም ነዶ ወዳለቀው ጥቁር መሬት ሂዱ። ከዚያም ደውሉ። የት እንደሆነ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ፣ የሚነደው ሣር ይሁን ዛፍ፣ በአቅጣጫው ቤት ወይም ሰው መኖሩን ንገሩ። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት መንገዱ ለውሃ መኪና ይበቃ እንደሆነ፣ ከየትኛው በኩል ቢመጡ እንደሚሻል ጨምሩ፤ የምትችሉ ከሆነም መታጠፊያው ላይ ቆማችሁ አሳዩአቸው።