ደመና ሲጠቁር የሚወድቀው የጌሾ ዋጋ

በሐምሌ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እግሩን የሚያሳርፍበት ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርትና ቃሪያ ልገዛ ወጥቼ ነበር። የተመለስኩት ግን የአንዲት ጌሾ ሻጭ እናት ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው።

መደባቸው ከፍሳሹ ዳር ነው። ከጣና ዳር ካለችው ከዘጌ በጀልባ ያመጡትን ደረቅ ጌሾ በሁለት ማዳበሪያ ሞልተው አቁመዋል። ካፊያው ሲጀምር ያላቸውን አንድ ላስቲክ አውጥተው ጌሾውን አለበሱት፤ ጫፍ ጫፉንም በድንጋይ ጫኑት። እሳቸው ነጠላቸውን አጥፈው ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉና ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ጌሾ ከረጠበ ይሻግታል፤ የሻገተውን ደግሞ ጠላ የምትጠምቅ ሴት በእጇ አትነካውም። ፀሐይ በጠፋበት ወር ያንን ቅጠል ማድረቅ ምን ያህል እንደሚያለፋ ያደረቀ ያውቀዋል።

አንዲት ቸርቻሪ መጥታ ዋጋ ጠየቀች። ሲነገራት ቀና ብላ ሰማዩን አየችና «እማማ፣ ደመናውን አዩት? ኋላ በግማሹ ይሰጡኛል» አለች። እሳቸው መልስ አልሰጡም። ስምንት ሰዓት ላይ ዶፉ ሲወርድ አንዱን ማዳበሪያ እውነትም በግማሽ ዋጋ ሰጧት።

«ገበያ ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን ይህን ገበያ ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። አንደኛዋ ጥላ ይዛ መጠበቅ ትችላለች፣ ሌላዋ አትችልም፤ ዋጋውን የወሰነው ዝናቡ ነው።

ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ አያርስም። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም አውግዘዋል እየተባለ ከትውልድ ትውልድ ሲጠበቅ የኖረ ሥርዓት ነው። ኑሮው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ላይ ስለሆነ ጤፉንም በቆሎውንም ከገበያ ይሸምታል። ክረምት ደግሞ ጎተራ የሚጎድልበት፣ አዲሱ አዝመራ ገና ማሳ ላይ ያለበት፣ እህል የሚወደድበት ወቅት ነው። የእህል ነጋዴው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጧልና ዶፍ ቢወርድም ዋጋ አይቀንስም። እኚህ እናት በዝናብ ዋጋ ሸጠው በክረምት ዋጋ ሊሸምቱ ነው።

ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግብ ሁላችንም ኮርተናል። የዘጌን ጫካ እስከ ዛሬ ያቆየው ያ ያለማረስ ሥርዓት አይደለም ወይ? ጌሾው ዋጋ ባጣ ቁጥር ለማገዶ ተቆርጦ የሚሸጠው ዛፍ እንዳይበዛ እሰጋለሁ። ሰው ልጆቹን ማብላት አለበትና።

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በየዓመቱ ወሩን ቆጥሮ የሚመጣን ዝናብ እንዳልታሰበ እንግዳ መቀበል የለብንም። የሐይቁን ዳርቻ ማስዋብ መልካም ነው፣ ደስም ይለኛል። ነገር ግን ለጌሾ፣ ለበርበሬና ለቡና ተራ ጣሪያ ማልበስ፣ ውኃውን በቦይ ማስወጣት፣ ሳይሸጥ የቀረውን በጥቂት ብር የሚያሳድር መጋዘን ማቆም የከተማዋን ካዝና አያራቁትም። መጋዘኑ ቢኖር ኖሮ እኚያ እናት «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደር» ማለት ይችሉ ነበር።

ዶፉ ጋብ ሲል የጌሾውን ብር ይዘው ወደ እህል ተራ ሄዱ። ሲመለሱ በቆሎ ይዘዋል። ላስቲኩን ከቀረው ጌሾ ላይ አንሥተው ውኃውን አራገፉና በቆሎውን ጠቀለሉበት፤ ከዚያ ጀልባው እንዳያመልጣቸው በጭቃው ውስጥ መፍጠን ጀመሩ።